ብግነት፣ ካንሰርና ጥቃቅኖቹ አርኤንኤዎች፦ ከጎንደር አንባቢያን ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ እናታችን የቆየ የጨጓራ ሕመም አለባት። ሐኪሙ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያና ሥር የሰደደ ብግነት እንዳለባት ነገረን። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ «ብግነቱን ወደ ካንሰር የሚቀይሩት ማይክሮ አርኤንኤዎች ናቸው» ይላል። ምን ማለቱ ነው? እኛስ ምን እናድርግ? (አንባቢ፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ ወንድምዎ ያለው ከፊሉ ልክ ነው። ማይክሮ አርኤንኤ 22 ያህል ኑክሊዮታይድ ብቻ ያለው አጭር ሞለኪውል ነው። ፕሮቲን አይሠራበትም፤ ሥራው ሌላውን መግታት ነው። ከጫፉ ከ2ኛው እስከ 8ኛው ያሉት ኑክሊዮታይዶች በአንድ መልእክተኛ አርኤንኤ (ፕሮቲን የሚሠራበትን መመሪያ በሚያደርስ ሞለኪውል) ላይ የሚገጥማቸው ቦታ ሲያገኙ ይያያዙታል። ያ መልእክት ወይ ይፈራርሳል ወይ ሳይነበብ ይቀራል፤ የፕሮቲኑም ምርት ይቀንሳል። ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ሩቭኩን የመጀመሪያውን በ1993 እ.ኤ.አ. በትንሽ ትል ላይ አገኙ፤ በ2024 ኖቤል ተሸለሙበት።

ባክቴሪያ ሲገባ በመከላከያ ህዋሶች ውስጥ ኤንኤፍ ካፓ ቢ የሚባል ፕሮቲን ይነቃና የብግነት ጂኖችን ያስነሳል። አብሮም ተቃራኒ ሥራ ያላቸውን ሁለት ማይክሮ አርኤንኤዎች ያስመርታል። ሚር-155 («ሚር» የማይክሮ አርኤንኤ አጭር ስም ነው) ሶክስ 1 እና ሺፕ 1 የተባሉትን የብግነት አብራጅ ፕሮቲኖች ስለሚገታ ብግነቱ ይበረታል። ሚር-146ኤ ደግሞ ኤንኤፍ ካፓ ቢን የሚያነቁትን ትራፍ 6ን እና አይራክ 1ን ገትቶ ኤንኤፍ ካፓ ቢን ራሱን ያቀዘቅዘዋል። በጤናማ ሰው ብግነት ተነሥቶ የሚበርደው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ሚር-146ኤ እንዲጎድላቸው የተደረጉ አይጦች ዕድሜያቸው ሲገፋ ዕጢ አውጥተዋል።

ብግነቱ ለዓመታት ሳይበርድ ሲቀር ሌላ ሰንሰለት ይከተላል። ኢንተርሉኪን 6 የተባለው የብግነት መልእክተኛ ፕሮቲን ስታት 3 የተባለውን ጂን አስነሺ ፕሮቲን ያነቃል፤ ስታት 3 ሚር-21ን ያበዛል፤ ሚር-21 ደግሞ የህዋስን መባዛት የሚቆጣጠረውን ፒቴን የተባለ ፕሮቲን ይገታል። ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበው ግን በ2009 በላቦራቶሪ የጡት ህዋሶች ላይ የታየው ዑደት ነው። ኤንኤፍ ካፓ ቢ ሊን 28 የተባለውን ፕሮቲን ያስነሳል፤ ሊን 28 ሌት-7 የተባለውን ማይክሮ አርኤንኤ ምርት ያግዳል፤ ሌት-7 ሲጠፋ የሚገታው የነበረው ኢንተርሉኪን 6 ይበዛል፤ እሱም ተመልሶ ኤንኤፍ ካፓ ቢን ያነቃል። የመጀመሪያው ቀስቃሽ ከጠፋ በኋላ እንኳ ዑደቱ በራሱ ቀጠለ።

ስለዚህ ቀስቃሹን በጊዜ ማስወገድ ነው የሚሻለው። ባክቴሪያው ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹን ካንሰር አይዛቸውም፤ ነገር ግን ከ1994 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ ካንሰር አምጪ ተብሎ ተመድቧል። እናትዎ የታዘዘላቸውን አንቲባዮቲክ ሳያቋርጡ ይጨርሱ። ከጨረሱ ቢያንስ 4 ሳምንት ቆይተው በሰገራ አንቲጅን ወይም በትንፋሽ ምርመራ መጥፋቱን ያረጋግጡ። እንደ ኦሜፕራዞል ያለውን መድኃኒት ከምርመራው 2 ሳምንት በፊት ማቆም ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊባሉ ይችላሉ። የደም ፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ለዚህ አይሆንም፤ ባክቴሪያው ከጠፋም በኋላ ለረጅም ጊዜ «አለ» ይላል። ክብደት መቀነስ፣ ጥቁር ሰገራ ወይም የመዋጥ ችግር ከታየ ኢንዶስኮፒ ሳይዘገይ ይሠራላቸው።

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ጥናቴ የጡት ካንሰር ታማሚዎችንና የጤነኞችን ፕላዝማ ወስጄ ሚር-21ን እና ሚር-155ን በፒሲአር (የዘረመል ቅጂዎችን አባዝቶ በሚለካ ዘዴ) እለካለሁ። ውጤቱ ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው ይዘላል። ማነጻጸሪያዬ ዩ6 የተባለው አጭር አርኤንኤ ነው። (የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፣ ጎንደር)

መልስ፦ ከፒሲአሩ በፊት የደም አቀዳዱን ይጠርጥሩ። ቀይ የደም ህዋሶችና ፕላትሌቶች (ደም የሚያረጉ ቅንጣቶች) በማይክሮ አርኤንኤ የተሞሉ ናቸው፤ ሚር-21ም በፕላትሌት ውስጥ በብዛት አለ። የአንድ ሲቲ (ምልክቱ የሚታይበት የፒሲአር ዑደት ቁጥር) ልዩነት 2 እጥፍ፣ የ3 ሲቲ ደግሞ 8 እጥፍ ማለት ስለሆነ በደንብ ያልተያዘ ናሙና ትልቅ ግኝት ሊመስል ይችላል።

ደሙን ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር) ባለበት ወይን ጠጅ ክዳን ቱቦ ይቅዱ። አረንጓዴ ክዳን ያለው ሄፓሪን ይዟል፤ ሄፓሪን ፒሲአርን ያፍናል። ቱቦውን አይነቅንቁት፤ 8 ጊዜ ያህል በቀስታ ይገልብጡት። በክፍል ሙቀት ያቆዩትና በ2 ሰዓት ውስጥ በ1,500 ጂ (የምድር ስበት እጥፍ) ለ10 ደቂቃ ያሽከርክሩት። ፕላዝማውን ሲመጥጡ ከነጭ ህዋሶች ንጣፍ በላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይተዉ። ከዚያ ወደ አዲስ ቱቦ አዙረው በ16,000 ጂ ለ10 ደቂቃ እንደገና ያሽከርክሩ፤ የታችኛውን 100 ማይክሮ ሊትር አይንኩ። ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ሁለተኛውን ዙር ነው፤ የቀረው ፕላትሌት በፍሪዘር ውስጥ ይፈነዳና ይዘቱን ፕላዝማው ላይ ይደፋል።

ጂ እና የዙር ብዛት አንድ አይደሉም። የሴንትሪፊዩጅዎን ራዲየስ በሴንቲ ሜትር ይለኩ፤ በደቂቃ የሚዞረውን ብዛት በራሱ አባዝተው በራዲየሱና በ0.00001118 ያባዙት። ራዲየሱ 15 ከሆነ 3,000 ዙር 1,500 ጂ ገደማ ይሰጣል። ራዲየሱ 8 ሲሆን 16,000 ጂ ለማግኘት 13,400 ዙር ያህል ያስፈልጋል።

ፕላዝማውን በ250 ማይክሮ ሊትር ከፋፍለው በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያስቀምጡ፤ አንዱ ክፍልፋይ አንድ ጊዜ ብቻ ይቅለጥ። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ጀነሬተር የሌለው ፍሪዘር አይመኑ፤ የሙቀት መዝገብም ይያዙ።

የቀይ ህዋስ መፈንዳትን ዓይን የሚያየው ሲበዛ ብቻ ነው። በ414 ናኖ ሜትር የብርሃን መምጠጡን ይለኩ፤ በተጨማሪም የሚር-23ኤን ሲቲ ይዘው ከቀይ ህዋስ የሚመጣውን የሚር-451ኤን ይቀንሱ፤ ልዩነቱ ከ7 ካለፈ ናሙናውን ያውጡት። የሚወጣው አርኤንኤ ለናኖድሮፕ (የአርኤንኤ መጠን መለኪያ መሣሪያ) በጣም ትንሽ ስለሆነ በክብደት ከማመጣጠን እኩል የፕላዝማ መጠን ይጠቀሙ። ዩ6 በፕላዝማ ውስጥ አይረጋም፤ ሚር-16ም ከቀይ ህዋስ ስለሚመጣ አይተካውም። የትሏን ሰው ሠራሽ ሚር-39 አርኤንኤውን በሚለዩበት ፈሳሽ ላይ ቢጨምሩ የመለየት ሂደቱን ጉድለት ያሳይዎታል፤ ከዚያ በፊት የተበላሸውን ግን አያድነውም። ታማሚዎቹና ጤነኞቹ በአንድ ሳህን ላይ ተደባልቀው ይሠሩ።

የቀረው የጥናቱ አወቃቀር ነው፤ በእኛ አስተያየት ዋናውም ይኸው ነው። ሁለቱም ማይክሮ አርኤንኤዎች በኢንፌክሽን ይለዋወጣሉ። ከመተማና ከሁመራ በኩል ካላ አዛር ይዟቸው የሚመጡ አሉ፤ ሳንባ ነቀርሳና ወባም አሉ። የእያንዳንዱን ሰው ሲአርፒ (በብግነት ጊዜ በደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን) ለክተው ይመዝግቡ፤ ካንሰር የሌለባቸው ግን የጡት ብግነት ያለባቸው ሴቶችን ሦስተኛ ቡድን ያድርጉ። ያ ቡድን ከሌለ ያገኙት ልዩነት የካንሰር ይሁን የብግነት መለየት አይቻልም።

ጥያቄ፦ ደሜን ውጭ አገር ልኮ በማይክሮ አርኤንኤ «ካንሰር ሳይጀምር» የሚያውቅ አለ ተባልኩ። ልክፈል? (ከፒያሳ)

መልስ፦ አይክፈሉ። ሚር-21 በልብ ሕመምም በኢንፌክሽንም ይጨምራል። ለሕክምና አገልግሎት በጣም የቀረበው ለወንድ ዘር ፍሬ ካንሰር የሚጠናው ሚር-371ኤ ነው፤ እሱም ዕጢ ሲኖር ነው የሚጠቅመው።

ጥያቄ፦ ነገሩ ብግነት ከሆነ በየቀኑ አስፕሪን ብወስድስ? ማይክሮ አርኤንኤን የሚያስተካክል መድኃኒትስ የለም? (ያው አንባቢ)

መልስ፦ ሚር-34ኤን የሚተካ መድኃኒት በካንሰር ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ ነበር፤ ከባድ የመከላከያ ሥርዓት ጉዳት ስላደረሰ በ2016 ተቋረጠ። አንድ ማይክሮ አርኤንኤ ብዙ ጂኖችን ስለሚነካ ዕጢውን ብቻ ለይቶ መምታት ከባድ ነው። አስፕሪንን በራስዎ ውሳኔ አይጀምሩ፤ ጨጓራ ያደማል፣ ሄሊኮባክተር ካለ ደግሞ አደጋው ይብሳል። ለልብ ታዞልዎት የሚወስዱት ከሆነ ግን ሐኪሙን ሳያማክሩ አያቋርጡት።