ፓርኪንግ መብራት ሳበራ ፊውዝ ይቃጠላል

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። እ.ኤ.አ. የ1968 ቮልስዋገን አለችኝ፣ ከአባቴ ነው የወረስኳት፣ እስካሁን እንደልቤ ነድቻታለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ፓርኪንግ መብራት ሳበራ ፊውዝ ታቃጥላለች፣ አንዳንዴ ገና ሳበራው፣ አንዳንዴ ደግሞ ትንሽ ሄጄ መንገዱ ሲያንገጫግጫት። ፍሬቻው፣ ክላክሱ፣ ትልቁ መብራት ሁሉም ይሰራል። አንድ መካኒክ ሽቦዋ አርጅቷል ሙሉውን አውጥተህ ቀይር አለኝ፣ ጓደኛዬ ደግሞ 8 አምፔሩን አውጣና 25 ክተትበት ይለኛል። የማንን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱንም አትስማ ወንድሜ፣ የጓደኛህን ደግሞ በፍጹም! ፊውዙ እዛ የተቀመጠው አምፖሉን ሳይሆን ሽቦውን ሊያድን ነው። 25 ከከተትክበት ሾርቱ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ አምፖሉ ጋ ሳይደርስ በአቋራጭ ወደ ቦዲ (ወደ መኪናዋ ብረት) የሚያመልጥበት ቦታ፣ የትም አይሄድም፣ ፊውዙ ዝም ይልና ያ ቀጭን ሽቦ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ አብረውት የታሰሩትን ሽቦዎችም ይዟቸው ይሄዳል፣ ከዛ በኋላ መካኒኩ ያለህ ነገር እውነት ይሆናል ማለት ነው፣ ያውም መኪናዋ ካልተቃጠለች። የተቃጠለ ፊውዝ ላይ ፎይል መጠቅለልም ያው ነው።

ሽቦ ሙሉ በሙሉ መቀየርም ገና አያስፈልግህም። የምትቃጠለው አንዷ መስመር ብቻ ናት፣ ያውም ስትንገጫገጭ፣ ስለዚህ የሆነ ቦታ ላይ አንድ ሽቦ ተልጦ እየተወዛወዘ ቦዲ እየነካ ነው። ያንን ቦታ ማግኘት ነው ስራው።

ፊውዝ እየቀያየርክ አትፈልግ፣ ፊውዝ ብቻ ትጨርሳለህ። 12 ቮልት 21 ዋት አምፖል ፈልግ፣ የፍሬቻ አምፖል ይሆናል፣ ሁለት ሽቦ በየጫፉ አስርለትና ፊውዙን አውጥተህ በሱ ቦታ አግባው። ሾርት ሲኖር ይህ አምፖል ቦግ ብሎ ይበራል፣ ከ2 አምፔር በላይ ስለማያሳልፍ ምንም ነገር አይቃጠልም፣ አንተም ተረጋግተህ ትፈልጋለህ። ግን መጀመሪያ የዛን መስመር አምፖሎች በሙሉ ንቀል፣ የፊቱን፣ የኋላውን፣ የሰሌዳውንም። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ከዛ መፈለጊያው አምፖል በነሱ በኩል ደብዘዝ ብሎ ይበራና ያወናብዳል።

ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) የያዙ ሰዎችም እዚሁ ላይ ነው የሚሳሳቱት። 21 ዋት አምፖል ሲበራ ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪኩን የሚገታበት መጠን) 7 ኦም ገደማ ነው፣ ቀዝቃዛ እያለ ግን 1 ኦም እንኳን ላይሞላ ይችላል። ስለዚህ አምፖሎቹ ሳይነቀሉ ቴስተሩን በድምፅ ብታደርገው ደህናው መስመር ላይም ጢጥ ይልልሃል፣ አንተ ሾርት አገኘሁ ብለህ ደህናውን ሽቦ ትቆርጣለህ። እኔ ለዚህ ስራ ከቴስተር ይልቅ አምፖሉን ነው የማምነው፣ ከሩቅም ስለሚታይ።

አሁን ፓርኪንጉን አብራ። ሁሉም ተነቅሎ መፈለጊያው ቦግ ካለ ኤሌክትሪኩ ቦዲ ውስጥ እየገባ ነው። ካልበራ ደግሞ ለጊዜው ለቆታል፣ አንድ ሰው አምፖሉን ይይልህና አንተ ሽቦውን ከፊት እስከ ኋላ ቀስ እያልክ ወዝውዝ። ብልጭ ያለበት ቦታ ላይ ቁም። የኔ ግምት ከኋላ ነው፣ በተለይ የሞተሩ ኮፈን ማጠፊያ ጋ፣ ምክንያቱም ወደ ሰሌዳ መብራቱ የሚሄደው ሽቦ ኮፈኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይታጠፋል፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ከዛ ቀጥሎ ሽቦው ወደ ኋላ መብራት ሲገባ የሚያልፍበትን የፓራፋንጎ ቀዳዳ እይ፣ ዙሪያው ላይ ያለው ጎማ ደርቆ ከወደቀ ሽቦው ጥሬ ቆርቆሮ ላይ ነው የሚፈገፈገው። የምትከተለው ሽቦ መደቡ ግራጫ ነው፣ በጀርመን መኪና ግራጫ የፓርኪንግ ነው፣ ቡናማው ደግሞ ወደ ቦዲ የሚሄደው ኔጌቲቭ ነው፣ እሱን ተወው። የተላጠውን ቦታ ስታገኝ ቆርቆሮው ላይ ጥቁር ነጥብ ወይም ቀለሙ የተፋቀበት ቦታ ታያለህ፣ ያኔ በቃ እሱ ነው።

ምንም ካላገኘህ የኋላውን መስመር ከመጋጠሚያው አላቀህ እይ፣ መፈለጊያው ከጠፋ ችግሩ ከኋላ ነው፣ እንደበራ ከቀረ ወደፊት፣ ወደ መብራት ማብሪያው ነው። ክሩስኮት ስር እጅህን ከመክተትህ በፊት ግን የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ። ባትሪው ከኋላ ወንበር ስር አይደል፣ እግረ መንገድህን የላዩን ክዳን እይልኝ፣ ክዳኑ ከሌለ የወንበሩ ሞላ ሰው ሲቀመጥበት ጎንበስ ብሎ ፖሉን ይነካል፣ በዚህ የተቃጠሉ ቮልሶች አሉ፣ ስለዚህ ይሄ ከፓርኪንጉም በላይ ያሳስበኛል።

የተላጠውን ናስትሮ ጠቅልለህ ብቻ አትተወው፣ ሙቀት ሲመታው ይለቃል። የተበላውን ቆርጠህ አውጣ፣ በተመሳሳይ ውፍረት ሽቦ ቀጥል፣ በይደውና በሙቀት የሚኮማተር ላስቲክ አልብሰው፣ ቀዳዳውም ላይ አዲስ ጎማ ግጠም።

ከዛ መፈለጊያው አምፖል እንዳለ፣ የነቀልካቸውን አምፖሎች አንድ በአንድ መልስ። አንዱን ስትመልስ መፈለጊያው በአንዴ ቦግ ካለ የዛ አምፖል ማቀፊያ ነው የተበላሸው፣ ወይ ውስጡ ያለው መለያ ወረቀት ተበልቷል ወይ ባለ ሁለት ክሩ አምፖል ተገልብጦ በግድ ገብቷል። ሁሉም ደህና ከሆነ አዲስ 8 አምፔር፣ ነጩን፣ ክተትና ወጣ ብለህ ያንን የሚያንገጫግጭ መንገድ ፓርኪንጉን አብርተህ ንዳበት።