ፒችትሪዬ አዲሱ ዲስክ ላይ አልከፍት አለኝ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ፈረንጅ አራዳ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ለሁለት ነጋዴዎችም ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ሂሳብ እይዛለሁ። የላፕቶፔ ሀርድ ዲስክ 500 ጊጋ ነው፣ አርጅቷል። ሰሞኑን ቀጭ ቀጭ ማለት ሲጀምር ፈርቼ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ የሚባለውን አዲሱን ዓይነት ዲስክ ገዛሁ። ሠሪው አዲሱን አስገብቶ ዊንዶውስ ጫነልኝ፤ አሮጌውን በዩኤስቢ በሚሰካ ኬዝ አድርጎ ሰጠኝ። እኔም ጎበዝ ነኝ ብዬ «ፕሮግራም ፋይልስ» የሚለውን ፎልደር እንዳለ ኮፒ አደረግሁ። ፒችትሪ እምቢ አለ። አማርኛ የምጽፍበት ፓወር ግዕዝም እንደዚያው። ይባስ ብሎ የድሮ ደብዳቤዎቼ ሲከፈቱ የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ፊደል ሆነው ቁጭ አሉ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ያንን ኬዝ ንቀይው። የጠየቅሽኝ ስለ ፕሮግራም ነው፤ እኔን ያስጨነቀኝ ግን ድምፁ ነው። ቀጭ ቀጭ የሚል ሀርድ ዲስክ ዛሬ ሠርቶ ነገ ላይነሳ ይችላል። ይህን አንብበሽ እስክትጨርሺ ይረፍ።

ፕሮግራሙ ለምን እምቢ አለ? ቤት ስትቀይሪ አልጋሽንና ሳጥንሽን ትጭኛለሽ፤ የመብራት ቆጣሪው ግን ግድግዳው ላይ ይቀራል። ፕሮግራምም ሲጫን ዕቃውን ሁሉ አንድ ፎልደር ውስጥ አያስቀምጥም። ከፊሉን ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ይከታል፣ «ሬጅስትሪ» በሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ላይ ደግሞ ስሙንና አድራሻውን ያስጽፋል። አዲሱ ዊንዶውስሽ ይህን መዝገብ አያውቀውም። ስለዚህ ፕሮግራም እንደገና ይጫናል እንጂ ኮፒ አይደረግም። የሚጓዘው ፋይል ነው።

አሁን ኬዙን መልሰሽ ስኪው። ከሁሉ በፊት የነጋዴዎቹን ሂሳብ አውጪ። ከፒችትሪ ጋር «ካምፓኒ» የሚባል ፎልደር አለ፤ ውስጡ እያንዳንዱ ድርጅት የራሱ ፎልደር አለው። ዕድለኛ ከሆንሽ ቀድመሽ ኮፒ ካደረግሽው ውስጥ ይገኛል። ቀጥሎ «ዩዘርስ» ውስጥ ግቢና በስምሽ ካለው ፎልደር ዴስክቶፕን፣ ዶክዩመንትስን፣ ዳውንሎድስን አምጪ። ደንበኞች በቴሌግራም የላኩልሽ ፋይል ብዙውን ጊዜ ዳውንሎድስ ውስጥ ነው የሚከማቸው። «ፈቃድ የለሽም» የሚል መልእክት ከመጣ አትደንግጪ፤ ቀጥይ የሚለውን ተጫኚና ጠብቂ። ሙዚቃና ፊልም መጨረሻ ይምጣ። ባይመጣም ግድ የለም።

አደራ፣ ካት አታድርጊ፤ ካት ከአሮጌው ላይ እያጠፋ ነው የሚያሻግረው። ኮፒ ብቻ። እኔ እዚያው ጅማ፣ መርካቶ ዳር ሱቅ በነበረኝ ጊዜ የእህቴን የሠርግ ፎቶ ቦታ ለመቆጠብ ብዬ ካት አደረግሁት። ሐምሌ ነበር፤ የጅማን የሐምሌ ዝናብ አንቺ ታውቂዋለሽ። አንዴ ነጎድጓድ ሲመታ መብራት ድርግም አለ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። መብራት ሲመለስ ፎቶው ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ፣ አሥራ ምናምኑ ደግሞ ከወገቡ በታች ግራጫ። እህቴ እስከ ዛሬ ስለ ኬኩ ቆረሳ ፎቶ ትጠይቀኛለች። ያንቺም ባትሪ ደካማ ከሆነ ሰማዩን አይተሽ ጀምሪ።

ፋይሉ ከወጣ በኋላ ፒችትሪን እንደ አዲስ ጫኚ፣ ግን ቀድሞ የነበረሽን ዕትም ራሱን። አዲስ ዕትም የድሮውን ሂሳብ ወደ ራሱ ይለውጠዋል፤ ከዚያ በድሮው መክፈት አይቻልም። ከጫንሽ በኋላ የድርጅቶቹን ፎልደሮች አዲሱ «ካምፓኒ» ውስጥ አስገብተሽ ከፒችትሪው ክፈቻቸው። ከተከፈቱ የዚያኑ ዕለት ከፋይል ሜኑ ባክአፕ ሠርተሽ ፍላሽ ላይ አስቀምጪ።

ደብዳቤዎችሽ አልጠፉም። የድሮ የግዕዝ ፎንቶች «ሀ»ን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር። ፎንቱ ሲታጣ ኮምፒውተሩ ከሥር ያለውን ላቲን ያሳይሻል። ፓወር ግዕዝን ስትጭኚ ፊደሉ ይመለሳል። ካልተመለሰ አሮጌው ዲስክ ላይ «ዊንዶውስ» ውስጥ «ፎንትስ» አለልሽ፤ የጎደለውን ፎንት ዴስክቶፕ ላይ ኮፒ አድርጊና በቀኝ ክሊክ ኢንስቶል በይው። ከአሁን በኋላ የምትጽፊውን ግን በዩኒኮድ፣ ማለትም የትኛውም ኮምፒውተር በሚያውቀው የፊደል አሠራር ጻፊ። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ወስደሽ ስትከፍቺው አያሳፍርሽም።

«ታዲያ ክሎን የሚሉት ነገርስ?» ትዪኝ ይሆናል። ክሎን ዊንዶውሱንም፣ መዝገቡንም፣ ፕሮግራሙንም እንዳለ ገልብጦ ያሻግራል። ክሎንዚላ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ እኔም እወደዋለሁ። ለአንቺ ግን አልመክርም። አንደኛ፣ ካልነካኩት በቀር አዲሱ ዲስክ ከአሮጌው እንዳያንስ ይፈልጋል፤ ያንቺ ደግሞ አዲሱ 256፣ አሮጌው 500 ነው። ማጥበብ ይቻላል፣ ግን አሮጌው ላይ መሥራት ነው። ሁለተኛ፣ ቀጭ ቀጭ የሚለውን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ማስነበብ የታመመን ሰው ተራራ ማስወጣት ነው። ጤነኛ ሳለ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ በአንድ ከሰዓት ያልቅ ነበር።

ፋይል ሲኮፒ ዲስኩ ጭራሽ አልነበብ ካለ እየነቀልሽ አትሰኪ፤ ለዳታ ማዳን ሥራ ያለው ሰው ጋ ውሰጂው። ሁሉ ከወጣልሽ ደግሞ ፎርማት አታድርጊው። ፕላስተር ለጥፊበት፣ ቀኑን ጻፊበት፣ መሳቢያ ውስጥ ይተኛ። ነጋዴዎችሽ የዓመቱን ግብር አሳውቀው እስኪጨርሱ ድረስ እዚያው ይቆይ።