«ይመዘብራሉ» ወይስ «ይበዘብዛሉ»?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምኖረው ጅማ ነው። ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና ገዝቼ፣ አስፈልፍዬ እሸጣለሁ። የስምንተኛ ክፍል ልጄ ድርሰቷ ላይ «ያደጉ አገሮች ታዳጊ አገሮችን ይመዘብራሉ» ብላ ጻፈች። መምህሯ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው «ይበዘብዛሉ» አሉት። ልጄ «ልዩነቱ ምንድን ነው?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ አብረው ይስጥልኝ። መምህሯ ልክ ናቸው፤ ልጅዎም ብዙ አልራቀችም።

ሁለቱም ቃላት የግእዝ ውርስ ናቸው። «በዝበዘ» ድል ያደረገ ጦር የተሸናፊውን ንብረት ዘርፎ ሲወስድ የሚባል ነበር። «መዝበረ» ደግሞ ማፍረስ፣ ማውደም ነው። ዛሬ ምዝበራ የምንለው አደራ የተቀበለ ሰው ከአደራው ላይ ሲያነሳ ነው። የመጋዘን ኃላፊው ከመቶ ኬሻ አምስቱን በጓሮ በር ቢያወጣ መዘበረ ይባላል። በዘበዘም ከጦር ሜዳ ወጥቷል። ከ«መሬት ለአራሹ» ሰልፍ፣ ከ1957 ዓ.ም. ዘመን ጀምሮ ተማሪዎቹ የማርክስን ሐሳብ በአማርኛ ሲያወሩ ይህን የወታደር ቃል የሰውን ጉልበት ያለ ተገቢ ዋጋ ለመውሰድ አዋሉት። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ደግሞ ራዲዮው ለየቤቱ አደረሰው።

መለያው ቀላል ነው። «ሠራተኛው ተበዘበዘ» ይባላል። «ሠራተኛው ተመዘበረ» ግን ጆሮ ይቆረቁራል። የሚመዘበረው ገንዘብና ንብረት ነው፤ ሰው አይመዘበርም።

ወደ እርስዎ ሥራ እንምጣ። ያ ያስፈለፈሉት ቡና አብዛኛው ባሕር የሚሻገረው ጥሬውን ነው። ቆልቶ፣ ፈጭቶ፣ አሽጎ፣ ስም ለጥፎ የሚሸጠው ሌላ ነው። የጀርመን ማሳ ቡና አያበቅልም። የተቆላ ቡና ወደ ውጭ በመላክ ግን ጀርመን ከዓለም ግንባር ቀደም አገሮች አንዷ ናት። እዚህ ውስጥ ካዝና የሰበረ የለም። ውል አለ፣ ደረሰኝ አለ። እ.ኤ.አ. በ1989 በዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት እያንዳንዱ አገር የሚልከውን መጠን ይወስን የነበረው ኮታ ሲቀርና ዋጋው ሲወርድም እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሌባ አልነበረም። ሌባ ከሌለ ምዝበራ ማለት ይከብዳል። ብዝበዛ ግን ደረሰኝ እየተቆረጠም ይሆናል። ይህ ንግድ ብዝበዛ ነው አይደለም የሚለውን ኢኮኖሚስቶች ይከራከሩበት፤ እኔ በበኩሌ ነው ባይ ነኝ።

መምህሯ ሳያርሙት ያለፉት ቃል ግን እኔን ይዞኛል፤ «ታዳጊ»። ይህ ቃል ሁለት አባት አለው። አንዱ «አደገ» ነው፤ ታዳጊ የሚያድግ። ሁለተኛው «ታደገ» ነው፤ ታዳጊ የሚያድን። በጸሎት «ታዳጊዬ ሆይ» ስንል ሁለተኛው ነው። እንግዲህ የልጅዎ ዓረፍተ ነገር «ያደጉ አገሮች አዳኞቻቸውን...» ተብሎም ሊነበብ ይችላል። ሳታውቀው ነው የጻፈችው፤ ግን ጠዋት ጠዋት በቡና ነፍስ የሚዘሩትን ሰዎች ሳስብ ስሕተት ነው ለማለት አፌ አልደፈረም።

«በማደግ ላይ ያሉ አገሮች» የሚለው ከዚህ ብዥታ ያድናል። ለኔ ግን የስብሰባ አማርኛ ነው፤ ደግሞ ሽማግሌውን አገር ሁሉ ልጅ ያደርገዋል። «ያደጉ» የሚለውም ደስ አይለኝም። በራሳቸው ጊዜ ቁመት የጨመሩ ያስመስላል። የኛ ሰው ባለጌ ሲያጋጥመው «አሳዳጊ የበደለው» ይላል። መጀመሪያ የሚጠይቀው አሳዳጊውን ነው። እነዚህንስ ማን አሳደጋቸው? በማን ጉልበት፣ በማን ጥጥ፣ በማን ቡና? «አደገ» ይህን አይነግረንም።

ስለዚህ ልጅዎ «ሀብታም አገሮች ድሃ አገሮችን ይበዘብዛሉ» ብትል ይሻላል፤ አጭርም ነው። ፊደሉንም ትጠንቀቅ። ብዙ ሰው «ይበዝብዛሉ» ይላል፤ «ይመሰክራሉ» እንደምንለው «ይበዘብዛሉ» ነው።