የኤን ምልክት ያለበት ብርቱካናማ ሳህን፦ ከመግዛትሽ በፊት ገልብጠሽ እዪው

እህቴ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ኢስቴት ሴል (የአንድ ቤት ዕቃ የሚሸጥበት ሽያጭ) ላይ ያገኘሽው የወይን ዘለላ ያለበት ብርቱካናማ ካርኒቫል ግላስ፣ ከሥሩ ኤን ፊደል ስላለው 45 ዶላር ይወጣበታል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ፊደሉን ለጊዜው ተዪውና መጀመሪያ የመስታወቱን ቀለም እዪ።

ይህ ዕቃ በብረት ሞልድ ተጨፍልቆ የሚሠራ መስታወት ነው። ገና ትኩስ ሳለ የብረት ወይም የቲን ክሎራይድ ይረጭበታል፤ ውሃ ላይ የፈሰሰ ቤንዚን የሚመስለው ኅብረ ቀለም የዚያ ስስ ሽፋን ነው። ስለዚህ ሰብሳቢዎች «ቀለሙ ምንድን ነው?» ሲሉ የሚጠይቁት ስለ ነጸብራቁ ሳይሆን ከሽፋኑ ሥር ስላለው መስታወት ነው። የሳህኑ መቀመጫ ብዙ ጊዜ ርጭቱ በደንብ አይደርሰውም፤ እሱን ወደ መስኮት አንሥተሽ ብርሃን አሳልፊበት። ቀለም የሌለው ጥርት ያለ መስታወት ሆኖ ብርቱካናማው ከላዩ ሽፋን ብቻ ከሆነ ማሪጎልድ የሚሉት ነው፤ ከሁሉም በብዛት የሚገኘውና ዋጋውም ዝቅ የሚለው እሱ ነው። ሐምራዊ፣ ደማቅ ሰማያዊና አረንጓዴ ብዙውን ጊዜ ከሱ ይበልጣሉ። ቀይ ግን ሌላ ነገር ነው። ቀዩ ቀለም የሚወጣው በሙቀት ስለሆነ፣ ሙቀቱ እኩል ካልደረሰው መሐሉ ቢጫ ሆኖ ይቀራል፤ ሻጩ «ቀይ» ቢልሽም ሁሉንም ጎን በብርሃን ሳታዪ እንዳትከፍዪ።

አሁን ወደ ፊደሉ። ኤን የኖርዝዉድ ምልክት ነው፤ የመስታወት ሠሪው የሃሪ ኖርዝዉድ ፋብሪካ የነበረው ዊሊንግ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ነው። ምልክቱ በክብ ውስጥ ያለ፣ ከሥሩ የተሰመረበት ኤን ነው። ፊደሉ ተጨማሪ እግር አብቅሎ የተጣመመ ደብልዩ ከመሰለሽ በኋላ ዘመን የተሠራ ነው። በሌላ በኩል የኖርዝዉድ ዕቃ ሁሉ ምልክት የለውም። የወይን ዘለላውንም ቢሆን ኖርዝዉድ ብቻ አልሠራውም፦ እ.ኤ.አ. በ1907 መጨረሻ ካርኒቫል ግላስ ማምረት የጀመረው፣ ዊሊያምስታውን፣ ዌስት ቨርጂኒያ የነበረው የፌንተን ፋብሪካም ሠርቶታል፣ የድሮው ፌንተን ደግሞ ምልክት አያደርግም ነበር። በሞላላ ክብ ውስጥ የፌንተን ስም ካየሽ ከ1970 ወዲህ የወጣ ነው። አይና ጂ ተደራርበው ከተጻፉ የኦሃዮው የኢምፔሪያል ፋብሪካ ዕቃ ነው፤ ያም ከ1951 ወዲህ ነው። እነዚህ ሁለቱ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ አይደሉም፣ ግን የድሮውን ዕቃ ዋጋ አያወጡም።

(አሮጌ መሆኑን ለማወቅ ዩቪ (አልትራቫዮሌት) ብርሃን የሚያወጣ ባትሪ ይዘው የሚዞሩ አሉ። አረንጓዴ ካበራ ዩራኒየም አለበት ማለት ነው እንጂ አሮጌ ነው ማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለ መስታወት በቅርብ ዘመንም ተሠርቷል።)

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው ጉዳት ላይ ነው። ዓይንሽን አትመኚ፤ ጠርዙን በጣትሽ ጫፍ ቀስ ብለሽ ዙሪያውን ዳብሺ። ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ከሆነ ጥርሶቹን አንድ በአንድ አስተያዪ። አንዱ ከጎረቤቱ አጠር ብሎ አናቱ ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ወይም እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ነጸብራቁ ጠፍቶ ፈዘዝ ካለ፣ ተሸርፎ ተሞርዷል። ውስጡ መስመር ካየሽ ሳህኑን በብርሃን ፊት እያዘነበልሽ አዙሪው። ስንጥቅ በአንድ አቅጣጫ ብልጭ ብሎ በሌላው ይጠፋል። ሲሠራ የተፈጠረው፣ ስትሮ ማርክ የሚሉት መስመር ግን ላዩ ላይ እንደ ጭረት ይታያል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። መቀመጫውንም እዪው፦ በአገልግሎት የመጣ ጭረት ወዲያና ወዲህ የተዘበራረቀ ነው፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄደ በአሸዋ ወረቀት የታሸ ሊሆን ይችላል።

ቤት ስታደርሺው ዲሽዋሸር ውስጥ እንዳታስገቢው። ሽፋኑን ያደበዝዘዋል፣ ድንገተኛ ሙቀትም ይሰነጥቀዋል። ሳፋ ውስጥ ፎጣ አንጥፈሽ፣ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት የዕቃ ሳሙና በእጅሽ እጠቢው፤ ሽቦ አይንካው። የአበባ ማስቀመጫ ስትገዢ ደግሞ ውስጡን ደረቅ ሳለ እዪ። ውሃ ለረጅም ጊዜ ተኝቶበት ከነጣ ያ ጉም በሳሙና አይለቅም፣ እርጥብ ሲሆን ግን ስለማይታይ አንዳንድ ሻጭ ያርሰዋል።

እንግዲህ ፊደሉ ትክክለኛ፣ ጠርዙ ሙሉ፣ ነጸብራቁም ከዳር እስከ ዳር ብሩህ ከሆነ በ45 ዶላር ግዢው። አንድ ሽርፍ ካገኘሽበት ለሻጩ አሳይተሽ ዋጋውን አስቀንሺ፤ እምቢ ካለ ማሪጎልድ ስለሆነ ሌላ ቦታ ታገኚዋለሽ።