ጥያቄና መልስ፦ ከበጎ ፈቃደኛ ወጣቶች ጋር ሜዳ ላይ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ድንኳን ተክለው፣ ዶማና አካፋ ይዘው ከወጣቶች ጋር ለሳምንታት ከሚቆዩ አንባቢዎች የደረሱን ናቸው። ሥራቸውን ሳይጨርሱ የሚመለሱ ቡድኖች አብዛኞቹ የሚሸነፉት በውሃ፣ በእጅና በእንቅልፍ ነው። ስለዚህ እኛም ከውሃው እንጀምራለን።

ጥያቄ፦ 14 ወጣቶች ይዤ ለ3 ሳምንት እወጣለሁ። ያለን ውሃ ከጅረት የሚቀዳ ብቻ ነው። ስንት ሊትር ያስፈልገናል? እንዴትስ እናክመው? (የቡድን መሪ)

መልስ፦ እርስዎን ጨምሮ 15 ሰው ናችሁ። ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለመታጠቢያ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ይያዙ። ድምሩ 225 ሊትር ይሆናል፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር ከ11 በላይ ነው። ይህን ማመላለስ ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ በየቀኑ 2 ሰው ለውሃ ብቻ ይመድቡ። ብዙ መሪዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ውሃ ቀጂ ሳይመደብ ይቀርና ቡድኑ ደክሞ ሲመለስ ጀሪካኑ ባዶ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የቸኮለው ወጣት በቀጥታ ከጅረቱ ይጎነጫል።

ውሃውን መጀመሪያ በታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ ያጥሉት። ከዚያ አስተማማኙ መንገድ ማፍላት ነው። ውሃው እየተንፈቀፈቀ ከፈላ በኋላ 1 ደቂቃ ያቆዩት፤ ካምፑ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ከሆነ ግን 3 ደቂቃ፤ ከፍታ ላይ ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ነው። ማገዶ ካጠረ ሽታ ማሳመሪያ ያልተጨመረበት፣ ጠርሙሱ ላይ ከ5 እስከ 9 በመቶ የተጻፈበት በረኪና ለ1 ሊትር 2 ጠብታ ይበቃል። ለ20 ሊትር ጀሪካን 40 ጠብታ ማለት ነው፤ ወደ 2 ሚሊ ሊትር ይጠጋል። በደንብ አማስለው 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ውሃው ከተጣራም በኋላ ደፍረስ ያለ ከሆነ መጠኑን እጥፍ ያድርጉት። በረኪና የማይገድላቸው ተውሳኮች አሉ፤ ከላይ በኩል ከብት የሚውልበት ጅረት ከሆነ ማገዶ ፈልጋችሁም ቢሆን አፍሉት። ያልታከመውንና የታከመውን ጀሪካን በአንገታቸው ላይ በሚታሰር የተለያየ ቀለም ጨርቅ ለዩ። ማታ በባትሪ ብርሃን የሚቀዳ ሰው የሚሳሳተው ምልክት ሳይኖር ሲቀር ነው።

መጸዳጃው ከጅረቱ ቢያንስ 60 ሜትር ርቆ፣ ከምትቀዱበት ቦታ በታች በኩል ይቆፈር። የተጠቀመ ሁሉ ከጎኑ ከተከመረው አፈር ይመልስበት፤ ጉድጓዱ ለመሙላት ግማሽ ሜትር ሲቀረው ተዘግቶ ሌላ ይቆፈር። ውሃው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ሆድ የሚያውከው ብዙ ጊዜ እጅ ነውና ከመጸዳጃው መውጫና ከምግቡ ድንኳን በር ላይ ውሃና ሳሙና አይጥፋ። የ5 ሊትር ጀሪካን ከአፉ ዝቅ ብሎ በምስማር ብሱና በእንጨት ላይ ስቀሉት፤ ከክዳኑ ወርዶ በእግር ከሚረገጥ ዘንግ ጋር የታሰረ ገመድ ሲሳብ ጀሪካኑ ያዘነብላል፣ ማንም በእጁ ሳይነካው ይታጠባል።

ተቅማጥ የጀመረውን ሰው ከምግብ ሥራ ወዲያውኑ አውጡት። በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙታችሁ ትንሽ ትንሽ አጠጡት። ጨው ከዚህ መብለጥ የለበትም፤ ይጎዳል። ደም ከታየ፣ ትኩሳት ከጨመረ ወይም ሽንት ከጠፋ ጊዜ ሳታባክኑ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ጥያቄ፦ በሁለተኛው ቀን ሁለቱም መዳፎቼ ውሃ ቋጠሩ። ጓደኞቼ ግን ደህና ናቸው። ለዚህ ሥራ አልሆንም ማለት ነው? (የ19 ዓመት ወጣት)

መልስ፦ እኅታችን፣ ምንም አልጎደለሽም። የሚቋጠረው ቆዳው ረጥቦ በአንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ሲታሽ ነው። መጀመሪያ እጀታውን እዪው። የሻከረ ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት አሽተሽ ጥሬ የተልባ ዘይት ቀቢው፤ ቫርኒሽ የተቀባ እጀታ ላብን ስለማይመጥ ይብሳል። ቀጥሎ አያያዝሽን አስተካክዪ። ዶማውን ስታነሺ ወደ ብረቱ የቀረበው እጅሽ ስታወርጂ ወደ ታችኛው እጅ ይንሸራተት፤ ጨብጠሽ አታንቂው። ብዙ ጀማሪ ዶማው እንዳያመልጠው ስለሚፈራ በሙሉ ኃይሉ ይጨብጣል፤ ቆዳውን የሚልጠውም ያ ነው።

ቦታው ገና ሲያቃጥል፣ ቀልቶ ሳይነሳ፣ ቆም በይና ደረቅ ፕላስተር ለጥፊበት። «ይህን ጉድጓድ ልጨርስና» ማለት ለሦስት ቀን ከሥራ ያስቀራል። የተቋጠረውን አታፍርጪው። ራሱ ከፈረጠ በሳሙናና በውሃ አጥበሽ፣ ቆዳውን ሳትገሽልጪ፣ በንጹሕ ፋሻ ሸፍኚው። ቅላቱ ከተስፋፋ፣ ከጋለ ወይም መግል ከያዘ ለመሪሽ ተናገሪ። ከመውጣታችሁ በፊት የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትሽ ከ10 ዓመት ያላለፈው መሆኑንም አረጋግጪ፤ አፈር የነካ ቁስል ቀላል አይደለም።

ጥያቄ፦ በሥራ ላይ የአንዱ ልጅ ዶማ ብረቱ ወልቆ ከሌላው እግር አጠገብ ወደቀ። እጀታውን ሌሊት ውሃ ውስጥ ብንዘፈዝፈው ይበቃል? (ረዳት መሪ)

መልስ፦ አይበቃም፤ እንዲያውም ያባብሰዋል። የተዘፈዘፈ እንጨት በብረቱ ቀዳዳ ውስጥ ያብጥና ጭረቱ ይጨፈለቃል። ሲደርቅ ከበፊቱ የበለጠ ይላላል፤ የሚደርቀውም እኩለ ቀን ላይ፣ ሥራው ሲግል ነው። ከጫፉ እየወፈረ የሚሄድ እጀታ ያለው ዶማ ሲወዛወዝ ራሱን እንዲያጠብቅ ተደርጎ የተሠራ ነውና ከላላ ጫፉ አልቋል፤ እጀታው ይለወጥ። መጥረቢያ ከሆነ ደረቅ ጠንካራ እንጨት ሽብልቅ አድርጋችሁ በእጀታው ራስ ስንጥቅ ውስጥ ምቱበት። ምስማር አትቸንክሩ፤ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል።

ጠዋት ጠዋት እያንዳንዱ ልጅ የራሱን መሣሪያ ይፈትሽ። ብረቱን ወደ ላይ አድርጎ የእጀታውን ታች መሬት ላይ ቀስ ብሎ ቢመታ፣ የላላ ብረት ሲንቀጫቀጭ ይሰማል። አውራ ጣቱን በእጀታው ርዝመት ላይ ሲያሳርፍ ጥፍር የሚይዝ ስንጥቅ ካገኘ ያ መሣሪያ ለቀኑ ይቀመጥ። አዲስ እጀታ ስትገዙም ጭረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄደውን ምረጡ፤ ጭረቱ ወደ ጎን የሚወጣ እጀታ በጠንካራ ምት ይሰበራል።

ሲሠሩም ሲጓዙም በሰውና በሰው መካከል 3 ሜትር ይኑር። መሣሪያ ትከሻ ላይ አይሸከሙት። በእጅ፣ ከጎን፣ ተዳፋት ላይ ደግሞ በቁልቁለቱ በኩል ባለው እጅ ይያዝ፤ የተንሸራተተ ልጅ ከእሱ አርቆ ሊወረውረው የሚችለው እንዲያ ከያዘ ነው። በሚቆፍር ሰው አጠገብ የሚያልፍ «ላልፍ ነው» ይበል፤ ቆፋሪው መሣሪያውን መሬት ላይ አሳርፎ፣ ዓይን ለዓይን ተያይቶ «እለፍ» እስኪለው ድረስ አይለፍ። ይህን አንድ ልማድ በመጀመሪያው ቀን ያስያዘ መሪ ከብዙ ጉዳት ያመልጣል።

ጥያቄ፦ እንዲህ በካምፕ እየኖሩ በፈቃድ መሥራት ከየት ተጀመረ? (ተማሪ)

መልስ፦ ከሚታወቁት ቀዳሚዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1920 ስዊዘርላንዳዊው ፒየር ሴሬሶል ፈረንሳይ ውስጥ ቬርደን አቅራቢያ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረሰ መንደር ውስጥ ያካሄደው ነው። ከተለያየ አገር የመጡ ሰዎች አብረው ኖረው መንደሩን መልሰው መሥራት ጀመሩ። ከዚያ ዓለም አቀፍ ሲቪል አገልግሎት የሚባለው ድርጅት ወጣ። አሜሪካ ውስጥ ከ1933 እስከ 1942 ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጉ ወጣቶች በደንና በመንገድ ሥራ ላይ በካምፕ ኖረዋል፤ እነዚያ ግን ደመወዝ ነበራቸው።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዙር ከተከልናቸው ችግኞች ብዙዎቹ ደረቁ። ውሃ አላነሰም። ምን አጠፋን? (የቡድን መሪ)

መልስ፦ አንዱን የደረቀ ችግኝ ነቅለው ይዩት። ሥሩ እንደ መንጠቆ ወደ ላይ ታጥፎ ካገኙት ጉድጓዱ ጠባብ ወይም ጥልቀት ያነሰው ነበር። ላስቲኩ በሥሩ ዙሪያ ካለ ሳይቀደድ ተተክሏል። ሥሩ ዙሪያ ባዶ ቦታ ካለ ደግሞ አፈሩ አልተጠቀጠቀም፤ አየር ሥሩን አድርቆታል።

አተካከሉ እንዲህ ይሁን። ጉድጓዱ ሥሩ ካቀፈው አፈር 2 እጥፍ ያህል ይስፋ። የላይኛው ለም አፈር ለብቻው ይከመር። ችግኙን በላስቲኩ እንጂ በግንዱ አንጠልጥለው አይሸከሙት፤ ጥሩው ሥር የሚበጠሰው እንዲያ ሲያዝ ነው። ጉድጓዱ አጠገብ ሲደርሱ የላስቲኩን ታች 1 ሴንቲ ሜትር ያህል በምላጭ ይቁረጡ፤ ታች ላይ የተጠማዘዘው ሥር አብሮ ይሄዳል። ቀጥሎ ጎኑን ከላይ እስከ ታች ይቅደዱና አፈሩ ሳይፈርስ ያውጡት። የግንዱና የሥሩ መገናኛ ከመሬቱ እኩል ይሁን፤ ከዚያ በታች የተቀበረ ግንድ ይበሰብሳል። ለሙን አፈር አስቀድመው መልሱና በተረከዝ ጠቅጥቁ። በመጨረሻ አንድ ቅጠል በሁለት ጣት ይዘው ቀስ ብለው ወደ ላይ ይሳቡ፦ ቅጠሉ ከተበጠሰ ችግኙ ጸንቷል፤ ችግኙ ከተነሳ እንደገና ይጠቅጠቅ። ላስቲኩን ሰብስበው ይዘው ይመለሱ።

አንድ ነገር በብርቱ እንመክራለን፤ «ዛሬ ይህን ያህል ሺህ እንተክላለን» ብለው ለወጣቶች ቁጥር አይስጡ። ቁጥር ሲያሯሩጣቸው ሥሩን እጥፍ አድርገው ይከቱታል። ሁለት ሁለት አድርገው ያሰማሯቸው፤ አንዱ ይቆፍር፣ አንዱ ይትከል፣ ከግማሽ ቀን በኋላ ይለዋወጡ። ተራውን የሚጠብቀው ችግኝ ሁልጊዜ ጥላ ውስጥ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቆይ።

ጥያቄ፦ ከ10 ቀን በኋላ ልጆቹ በእቃ ማጠብ ተጣሉ። ሁለቱ ሁልጊዜ ይሸሻሉ። ላባርራቸው? (አሠልጣኝ)

መልስ፦ መጀመሪያ ተራውን ይዩት። «ያየ ያጥባል» ተብሎ ከሆነ ጥፋቱ የአሠራሩ ነው። ምግብ፣ እቃ፣ ውሃ፣ ማገዶና መጸዳጃ በጥንድ ተከፋፍሎ በወረቀት ላይ ይጻፍ፤ የእርስዎም ስም ይግባበት፣ መጸዳጃውንም ይጨምር። ጥንዱ በየ3 ቀኑ ይቀየር። ማታ ከእራት በኋላ 15 ደቂቃ ተቀመጡና እያንዳንዱ ያቃተውን አንድ ነገር ይናገር፤ ማንም አያቋርጠው። የሚሸሹትን ለብቻ ይጠይቋቸው፤ ብዙ ጊዜ ከጀርባው ድካም፣ ሕመም ወይም የቤት ናፍቆት አለ። ሲያነጋግሯቸው ግን ሌሎች በሚያዩበት ቦታ ይሁን። ዕድሜያቸው ከ18 በታች ከሆነ አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በድንኳን ውስጥ ወይም በስውር ቦታ ብቻውን አይሁን፤ ሁለት አዋቂ መኖሩ ልጁንም መሪውንም ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ ነጎድጓድ ሲመጣ ድንኳን ውስጥ እንግባ? (በጎ ፈቃደኛ)

መልስ፦ ድንኳን ከመብረቅ አያድንም፤ ለብቻው የቆመ ዛፍማ ይብሳል። ነጎድጓዱን እንደሰማችሁ መሣሪያ አስቀምጣችሁ ወደ ሕንጻ ወይም ጣሪያው ብረት ወደሆነ ተሽከርካሪ ግቡ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ፤ በመሃል አንድ ከተሰማ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀመራል።