17 ላይ እንዳታቆም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴ ታሪክ ትዝ አለኝ። «510,511 ፕራይም ነው? ከ2 እስከ 17 ባሉት ፕራይሞች ሁሉ ሞከርኩት፣ አንዱም ያለ ቀሪ አላካፈለውም። ነገ ዓይነቱን ጽፌ ማስረከብ አለብኝ» ነው ያልከው። እባክህ ፕራይም፣ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው፣ ብለህ እንዳታስረክብ! እኔ በዚሁ ቁጥር ጉድ ሆኛለሁ።

1ኛ፦ እስከ 17 ያደረግከው ሙከራ ምንም አይነግርህም። 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13 እና 17ን አባዛቸው፣ 510,510 ይመጣል። ያንተ ቁጥር በ1 ብቻ ነው የሚበልጠው። ስለዚህ በሰባቱም ብታካፍለው የግድ 1 ይተርፋል።

2ኛ፦ ማቆሚያህ ስኩዌር ሩቱ (በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን የሚሰጠው) ነው፣ 714 አካባቢ። እስከዚያ 127 ፕራይሞች አሉ፣ አንተ የሞከርከው 7ቱን ነው። እኔም ያኔ እዚያው ላይ ነው ያቆምኩት።

11ኛ ክፍል ነበርኩ፣ እዚሁ ጎንደር፣ የትምህርት ቤቶች የሒሳብ ውድድር ላይ። የመጨረሻው ጥያቄ ይሄ ቁጥር ነበር። ፕራይሞች ማለቂያ እንደሌላቸው የግሪኩ የሒሳብ ሊቅ ዩክሊድ ከ2,000 ዓመት በፊት ያሳየበትን መንገድ በቃሌ ይዤው ነበር፣ ግን አጣምሜ። ፕራይሞችን ከ2 ጀምሮ አባዝተህ 1 ስትደምር ሁሌ ፕራይም ይወጣል ብዬ አምን ነበር። እሱ ያለው እንደዚያ አይደለም። አዲሱ ቁጥር ካባዛሃቸው ውጭ የሆነ ፕራይም አካፋይ አለው ነው ያለው፤ ያ አካፋይ ራሱ ቁጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። 3፣ 7፣ 31፣ 211፣ 2,311 በተከታታይ ፕራይም ስለሚሆኑ ነው ሰው የሚሳሳተው። እጄን አውጥቼ «ፕራይም ነው» አልኩ። ዳኛው መምህር «ተሳስተሃል፣ ቁጭ በል» ብለው የት እንደተሳሳትኩ ሳይነግሩኝ ወደሚቀጥለው ልጅ ዞሩ። ይሄ እስከዛሬ ያንገበግበኛል። አንድ ቃል ቢሉኝ ምን ነበር?

ወደ አዘዞ የሚሄደውን ታክሲ ትቼ የፋሲል ግቢ አጥር ሥር ተቀመጥኩና ማካፈል ጀመርኩ። ከ17 ቀጥሎ ያለው 19 ነው። 26,869 ደረሰ፣ ቀሪ የለውም። አንዲት ማካፈል ነበር የቀረችኝ! ሽልማቱ ካልኩሌተር ነበር፣ እሱም ሄደ። ግን አልተነሳሁም። እየመሸ 26,869 ራሱ 97 ሲባዛ በ277 ሆኖ አገኘሁት። ማንም ሳያሳየኝ፣ በእስክሪብቶና በደብተር። በዚህ እስካሁን እኮራለሁ።

ለወረቀትህ ይሄን ጻፍ፦ 19 × 97 × 277። የሦስት የተለያዩ ፕራይሞች ብዜት ስለሆነ ስፌኒክ ይባላል፣ አካፋዮቹም 8 ናቸው። ከራሱ በቀር ያሉት ሲደመሩ 34,369 ብቻ ነው የሚመጣው። ከራሱ ስለሚያንስ ዲፊሸንት ነው። ዲፊሸንትን ግን «ጎዶሎ» ብለህ እንዳትጽፈው፣ ጎዶሎ ማለት በ2 የማይካፈል ነው፣ ሌላ ነገር ነው።

ከዚያ ዛሬውኑ 30,031ን ሞክር። እሱም እስከ 13 ድረስ 1 እየተረፈው ይሄዳል፣ ሩቱ 173 አካባቢ ነው። ያገኘኸውን እዚሁ ጻፍልኝ፣ ማታ ገብቼ አየዋለሁ።