ጥቁሩ አፈር

አርኪዮሎጂ ልትማሩ ላሰባችሁ ልጆቼ፣

ሁሌ የምትጠይቁኝ «ምን አገኙ?» ብላችሁ ነው። ዛሬ ያገኘሁትን ትቼ የጣልኩትን ልንገራችሁ።

በወጣትነቴ እንግሊዝ አገር ስማር፣ አንድ የመካከለኛው ዘመን የባላባት ግቢ ሲቆፈር ገባሁበት። ላዩ የበግ ግጦሽ ነው። ጠዋት ፀሐይዋ ከፍ ሳትል ግን እብጠቱና ጎድጓዳው በጥላ ይለያል፦ አዳራሹ፣ የዓሣ ኩሬው፣ መንገዱ። በድርቅ ጊዜ ደግሞ ግንብ የተቀበረበት ሣር ቀድሞ ይደርቃል፤ የተደፈነ ቦይ ያለበት እንደለመለመ ይቆያል። ለገበሬ ልጅ ይሄ ብርቅ አይደለም።

እኔ ዓይኔ ግንቡ ላይ ነበር። ከጀርባው ወፍራም ጥቁር አፈር ነበረ፤ ድንጋይ የለው፣ ምን የለው። በሁለት ቀን በአካፋ ዛቅኩት። ለካ ጓሮው እሱ ነው! ጓሮ ግንብ አይተውም። የሚተወው በፍግ የጠቆረ አፈር፣ ከቤት ጥራጊ ጋር የተጣለ የሸክላ ስባሪ፣ የከሰለ ዘር፣ በዓይን የማይታይ የአበባ ብናኝ ነው። የቀንድ አውጣ ቅርፊት እንኳ ቦታው ጥላ ነበር ወይስ ገላጣ ብሎ ይመሰክራል። ባላባቱ ምን እንደበላ የሚነግረኝን ጥዬ፣ የተደገፈበትን ግድግዳ አጸዳሁ።

ዮርክሻየር ውስጥ ዋረም ፐርሲ የሚባል ጠፍ መንደር አለ። ሞሪስ ቤረስፎርድ እ.ኤ.አ. በ1950 መቆፈር ሲጀምር የኢኮኖሚ ታሪክ ሰው እንጂ የቁፋሮ ባለሙያ አልነበረም፤ ግድግዳ እየተከተለ ነበር የሚቆፍረው። በኋላ ጆን ኸርስት መጣና ቦታውን በሰፊው ከፍተው ንብርብሩን አንድ በአንድ ማንሳት ጀመሩ። በየበጋቸው እየተመለሱ እስከ 1990 ቆዩ። አርባ ዓመት! የገበሬ ቤት ብለው የጀመሩት ቁፋሮ ሥሩ የ12ኛው ክፍለ ዘመን የባላባት ቤት ምድር ቤት ሆኖ ተገኘ። ዘለው ቢቆፍሩ ኖሮ ወይ የገበሬውን ያጡታል፣ ወይ የጌታውን።

ስለዚህ «ባዶ» የምትሉት አፈር ሲገጥማችሁ አካፋውን አስቀምጡ። ከየንብርብሩ አንድ አንድ ባልዲ ያዙ፣ ከየት እንደወሰዳችሁት ጻፉበት፣ በውኃ አንሳፍፉት። የከሰለው ዘር ወደ ላይ ይወጣል። አሰልቺ ሥራ ነው፣ አልዋሻችሁም።

እኔ ስህተቴ የገባኝ በሦስተኛው ቀን ነው። ባልዲ ይዤ ወደ አፈር ክምሩ ሮጥኩ። ሌሊቱን ዘንቦ፣ ከየትኛው ንብርብር የመጣው የቱ እንደሆነ አይለይም ነበር።